ዐሠርቱ ትእዛዛት በመንግሥት ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ፤ የሉዊዚያናን ሕግ ስለ መመርመር

ከአሜሪካ ስቴቶች አንዱ የሆነው ሉዊዚያና በ2024 በጁን ወር አንድ ሕግ አወጣ። ሕጉ በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር ትምህርት ቤት ሁሉ፣ ከሕፃናት ክፍል ጀምሮ እስከ ዩኒቨርሲቲ ድረስ፣ በየመማሪያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ዐሠርቱ ትእዛዛትን እንዲለጥፍ ያዛል። የወረቀቱ መጠን ከ11 በ14 ኢንች እንዳያንስ፣ ፊደሉ ትልቅና በቀላሉ የሚነበብ እንዲሆን፣ የወረቀቱንም ዋና ስፍራ ትእዛዛቱ እንዲይዙ በዝርዝር ተደንግጓል። በተከታዩም ዓመት፣ በ2025፣ አርካንሳስና ቴክሳስ ይህንኑ የመሰለ ሕግ አወጡ።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ የሉዊዚያናን ሕግና ሕጉን ለመደገፍ የሚቀርቡትን ምክንያቶች መመርመር ነው። ይህን ለማድረግ ያነሣሡን ነገሮች ሁለት ናቸው። ፊተኛው፣ ሃይማኖትና መንግሥት በትምህርት ቤት ውስጥ ምን ያህል ሊቀራረቡ ይገባል የሚለው ጥያቄ በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ከ75 ዓመት በላይ ሲመረመር የቆየ ስለ ሆነ፣ ለሚያጠና ሰው ብዙ ትምህርት ይሰጣል። ሁለተኛው፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የእኛ ሕገ መንግሥት በዐንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በዐንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ መሰጠት እንዳለበት ስለሚደነግግ፣ ጥያቄው የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ስለ አሜሪካ ስንናገር ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ስለ አገራችን ስንናገር በእኛ አቆጣጠር እንጽፋለን።

አስቀድመን አቋማችንን ብንገልጽ ይሻላል። ዐሠርቱ ትእዛዛት ክፉ ነገር ያስተምራሉ የሚል በመካከላችን የለም። ከእኛ አንዳንዶቻችን ትእዛዛቱን በልጅነታችን ከቄስ አፍ ሰምተን በቃላችን የያዝን ነን፤ አንዳንዶቻችን ደግሞ በመስጊድ ቁርኣን የቀራን ነን። ስለዚህ ክርክራችን ከቃሉ ጋር አይደለም። ክርክራችን ቃሉ በሕግ ኃይል በሕፃናት ፊት እንዲሰቀል ካዘዘው ምክር ቤት ጋር ነው።

፩፤ የሕጉ ደጋፊዎች የሚሉት

ተቃራኒን ወገን ደካማ አድርጎ አቅርቦ ማሸነፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ለጥናት አይጠቅምም። ስለዚህ የደጋፊዎቹን ምክንያት በተቻለን መጠን በሙሉ ኃይሉ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ዐሠርቱ ትእዛዛት የአሜሪካ ሕግና ትምህርት መሠረት ናቸው ይላሉ። ሕጉ ራሱ ከትእዛዛቱ ጋር አብሮ እንዲለጠፍ ያዘዘው አጭር መግለጫ፣ በጥንት ጊዜ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ይነበቡ የነበሩትን የኒው ኢንግላንድ ፕራይመርን፣ የመክጋፊን የንባብ መጻሕፍትና የኖህ ዌብስተርን የፊደል መጽሐፍ እየጠቀሰ፣ ትእዛዛቱ ከትምህርት ተለይተው እንደማያውቁ ለማስረዳት ይሞክራል።

ሁለተኛ፣ የተለጠፈ ወረቀት ማንንም አያስገድድም ይላሉ። ተማሪው እንዲያነበው፣ እንዲደግመው፣ እንዲጸልይበት አይታዘዝም፤ የማይፈልግ ፊቱን ሊያዞር ይችላል። ወረቀቱም ከለጋሾች ሊገኝ ስለሚችል ትምህርት ቤቱ ከራሱ ገንዘብ እንዲያወጣ አይገደድም።

ሦስተኛ፣ ሕጉን ያወጣው ሕዝቡ የመረጠው ምክር ቤት ነው፤ የብዙኃኑ ፈቃድ ይህ ከሆነ ጥቂቶች ሊያፈርሱት አይገባም ይላሉ።

ከነዚህ በላይ አንድ ጠንካራ የሕግ ክርክር አላቸው። ኬንታኪ የተባለው ስቴት ይህንን የመሰለ ሕግ አውጥቶ ስለ ነበር፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1980 በ5 ለ4 ድምፅ አፍርሶበታል። ያ ፍርድ የተመሠረተው ግን በ1971 በወጣው የሌመን መለኪያ በሚባለው ላይ ነበር፤ ይኸውም የመንግሥት ሥራ ዓለማዊ ዓላማ አለውን፣ ሃይማኖትን ያራምዳልን፣ መንግሥትንና ሃይማኖትን ያጠላልፋልን ብሎ የሚጠይቅ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2022 ከጨዋታ በኋላ በሜዳ መካከል ተንበርክኮ ይጸልይ ስለ ነበረው የብሬመርተን አሠልጣኝ በ6 ለ3 ድምፅ ሲፈርድ፣ ይህን መለኪያ ትቶ በታሪክና በቆየ ልማድ እንመዝናለን አለ። እንግዲህ መለኪያው ከወደቀ በመለኪያው የተፈረደውም ይወድቃል፤ በታሪክ ከተመዘነም እኛ እናሸንፋለን ባዮች ናቸው።

የሉዊዚያና ቤተሰቦች ከሰው በኖቬምበር 2024 የፌደራሉ ዳኛ ሕጉን በእግድ አቆመ። በጁን 2025 ሦስት የይግባኝ ዳኞች በአንድ ድምፅ እግዱን ደገፉ። ከዚያም የዚያው ይግባኝ ፍርድ ቤት ዳኞች በሙሉ ሆነው ጉዳዩን እንደገና ለማየት ወሰኑ። ፍርድ ቤቶች የሚሉት ምንም ይሁን ምን፣ የሕጉ ምክንያት እውነት መሆን አለመሆኑን መመርመር ግን የዳኞች ብቻ ሥራ አይደለም። በታሪክ እንመዘን ካሉ፣ ታሪኩን እናንብበው።

፪፤ ታሪክ የሚመሰክረው

ሃይማኖትንና መንግሥትን የሚለይ ግንብ ያስፈልጋል የሚለውን አሳብ በአሜሪካ ምድር አስቀድመው ከተናገሩት አንዱ ሮጀር ዊልያምስ ነው። እርሱም ሃይማኖት የሌለው ሰው አልነበረም፤ ሰባኪ ነበር። የማሳቹሴትስ ገዥዎች በሃይማኖት አሳቡ ምክንያት ስላባረሩት በ1636 ፕሮቪደንስ የተባለችውን ከተማ መሠረተ። ግንቡን የፈለገው የቤተ ክርስቲያንን የአትክልት ቦታ ከዓለም ምድረ በዳ ለመጠበቅ ነው። ይህን ማስታወስ ይገባል፤ ምክንያቱም በዛሬው ክርክር የመለያየት አሳብ ከሃይማኖት ጠላቶች የመነጨ ይመስል ይነገራል።

በቨርጂኒያም የሆነው ይህንኑ ያሳያል። ፓትሪክ ሄንሪ የክርስትና መምህራን ከሕዝብ በሚሰበሰብ ግብር እንዲረዱ የሚል ረቂቅ ሕግ ደገፈ። ጄምስ ማዲሰን በ1785 በጻፈው አቤቱታ ተቃወመው። የማዲሰን ዋና ክርክር፣ ዛሬ ክርስትናን ከሌሎች ሃይማኖቶች ለይቶ ለማቆም ሥልጣን ያለው መንግሥት፣ ነገ ከክርስትናም ውስጥ አንዱን ወገን ከሌሎቹ ለይቶ ለማቆም ያው ሥልጣን ይኖረዋል የሚል ነበር። ከማዲሰን ጎን የቆሙት ሰባኪዎቻቸው ያለ ፈቃድ ሰበካችሁ ተብለው ይታሰሩባቸው የነበሩት ባፕቲስቶች ናቸው። ረቂቁ ወደቀ፤ በ1786 ቶማስ ጄፈርሰን ያረቀቀው የሃይማኖት ነጻነት ሕግ ጸደቀ። ጄፈርሰን በ1802 ስለ መለያው ግንብ የጻፈው የታወቀው ደብዳቤም የተላከው ለኮነቲከት ባፕቲስቶች ነበር፤ በዚያን ጊዜ ኮነቲከት የራሱ የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ነበረው፤ እነርሱም ጥቂቶች ነበሩ።

የሕጉ መግለጫ የሚያወድሳቸው የድሮዎቹ ትምህርት ቤቶችስ እንዴት ነበሩ? በእርግጥ መጽሐፍ ቅዱስ ይነበብባቸው ነበር። የሚነበበው ግን ፕሮቴስታንቶች የሚቀበሉት የኪንግ ጄምስ ትርጉም ነበር። በፊላዴልፊያ የካቶሊክ ጳጳስ ልጆቻችን የራሳቸውን ትርጉም እንዲያነቡ ይፈቀድላቸው ብሎ ቢጠይቅ፣ ነገሩ በ1844 ወደ ሁከት ተለወጠ፤ ሰዎች ሞቱ፤ ሁለት የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት በእሳት ጋዩ።

በቦስተን የሆነው ደግሞ ከምንመረምረው ነገር ጋር ይበልጥ ይቀራረባል። በ1859 በኤልየት ትምህርት ቤት ቶማስ ዎል የተባለ የካቶሊክ ልጅ ዐሠርቱ ትእዛዛትን በፕሮቴስታንቶች አነጋገር አልደግምም በማለቱ መምህሩ እጁን በአርጩሜ ለረጅም ጊዜ ገረፈው። እምቢ ያሉ ሌሎች ብዙ የካቶሊክ ልጆችም ከትምህርት ቤቱ እንዲወጡ ሆነ። መምህሩ ተከስሶ ቢቀርብ ፍርድ ቤቱ ነጻ ለቀቀው። እንግዲህ ዐሠርቱ ትእዛዛት ከአሜሪካ ትምህርት ጋር ረጅም ታሪክ አላቸው የተባለው እውነት ነው። ከታሪኩ ውስጥ ግን የዚያ ልጅ እጅ ለምን ይዘለላል? የቆየ ልማድ ሁሉ የሚከበር ከሆነ አርጩሜውም የቆየ ልማድ ነበር።

ስለ ሕግ መሠረትነታቸውም እንዲሁ ነው። ከትእዛዛቱ ውስጥ በአሜሪካ ሕግ ወንጀል ሆነው የሚቀጡት መግደል፣ መስረቅና በሐሰት መመስከር ናቸው፤ እነዚህም ዐሠርቱ ትእዛዛት በማይታወቁበት አገር ሁሉ ይቀጣሉ። ሰው ከአምላኩ ጋር ስላለው ግንኙነት የሚናገሩት የመጀመሪያዎቹ ግን በአሜሪካ ሕግ ሊሆኑ አይችሉም፤ የመጀመሪያው ማሻሻያ ምክር ቤቱ ሃይማኖትን የሚመሠርት ሕግ እንዳያወጣ ይከለክላልና። ሕገ መንግሥቱም በዐንቀጽ 6 ለመንግሥት ሥራ የሃይማኖት ፈተና እንዳይጠየቅ ደንግጓል። የአንድ አገር ሕግ መሠረት ነው የተባለ ነገር ግማሹ በዚያው አገር በሕግ ሊታዘዝ የማይችል ከሆነ፣ መሠረት የሚለው ቃል አለቦታው መግባቱን መቀበል ግድ ነው።

፫፤ የማን ትእዛዛት?

ሕጉ ትእዛዛቱ ይለጠፉ ብሎ ብቻ አላቆመም፤ የሚለጠፈውን ቃል አንድ በአንድ ጽፎ አዘዘ። ከዚህ ላይ የማዲሰን ማስጠንቀቂያ በግልጽ ይታያል። ምክንያቱም ዐሠርቱ ትእዛዛት ዐሥር መሆናቸውን ሁሉ ቢስማማበትም፣ እንዴት እንደሚቈጠሩ አይስማማም። አይሁድ አምላክ ራሱን ያስታወቀበትን የመግቢያ ቃል አንደኛ አድርገው ይቈጥሩታል። ካቶሊኮችና ሉተራውያን ስለ ምስል የሚናገረውን ከመጀመሪያው ጋር አንድ አድርገው፣ ስለ መመኘት የሚናገረውን በሁለት ይከፍሉታል። ሌሎች ፕሮቴስታንቶች የምስሉን ራሱን የቻለ ሁለተኛ ትእዛዝ ያደርጉታል። የሉዊዚያና ሕግ የመረጠው በኪንግ ጄምስ አነጋገር የተቀናበረውንና ስለ ምስል የሚናገረውን ጎልቶ እንዲነበብ የሚያደርገውን ጽሑፍ ነው።

ነገሩ ለእኛ እንዴት እንደሚሆን እናስብ። በአሜሪካ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ ልጆቻቸውም በመንግሥት ትምህርት ቤት ይማራሉ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደገ ልጅ ዐሥረኛው ትእዛዝ ባልንጀራን እንደ ራስ አድርጎ መውደድ መሆኑን ከካህን ተምሯል። በክፍሉ ግድግዳ ላይ ይህን ትእዛዝ ፈልጎ አያገኘውም። ስለ ሰንበት ሲያነብ፣ የእርሱ ቤተ ክርስቲያን ከእሑድ ጋር ቅዳሜንም እንደምታከብር የሚነግረው የለም። ስለ ተቀረጸ ምስል የሚከለክለውን ደግሞ በትልቅ ፊደል ያነበዋል፤ በቤቱ ግን የእመቤታችን ሥዕል አለ፤ እናቱ በየማለዳው በፊቱ ትቆማለች። ይህ ልጅ እጁን አውጥቶ መምህሩን ቢጠይቅ መምህሩ ምን ይመልሳል? የቤተ ክርስቲያኑን ትርጓሜ ቢነግረው ሃይማኖት አስተማረ፤ ሥዕሉ ስሕተት ነው ቢለው ሃይማኖት ነቀፈ፤ ዝም ቢል ግድግዳው ብቻውን ይናገራል። መጽሐፍን ያለ ትርጓሜ ማስተማር በአገራችን የመጻሕፍት ቤት መምህራን ዘንድ እንደ ትልቅ ነውር የሚቈጠር ነው። የሉዊዚያና ምክር ቤት ይህን ነውር ሕግ አደረገው።

በዚሁ ክፍል ውስጥ ሙስሊም፣ ሂንዱ፣ ቡድሂስት፣ ሃይማኖት የሌለውም ልጅ ይቀመጣል። የእነርሱ ነገር ከዚህ የከፋ እንደሚሆን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። የክርስቲያኑን ልጅ ያስቀደምነው ሕጉ እጠቅማቸዋለሁ የሚላቸውን ክርስቲያኖች እንኳ እርስ በርሳቸው የሚለያይ መሆኑን ለማሳየት ነው።

፬፤ የሚሰቀል ወረቀት አያስገድድም ስለ ማለት

የተለጠፈ ወረቀት ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነገር ነው የሚለው ምክንያት ሕፃናትን የማያውቅ ሰው ምክንያት ይመስለናል። በ1948 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ8 ለ1 ድምፅ የፈረደበትን የሻምፔይን ከተማ ጉዳይ እንመልከት። በዚያ የሃይማኖት መምህራን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት እየገቡ ያስተምሩ ነበር፤ የማይፈልግ መውጣት ይችላል ተብሎ ነበር። አንዲት እናት ልጇ እንዳይማር በጠየቀች ጊዜ ልጁ ከጓደኞቹ ተለይቶ ብቻውን ይቀመጥ ነበር። ይችላል የሚለው ቃል በሕፃን ላይ የሚወድቀው እንዲህ ሆኖ ነው።

በ1962 ፍርድ ቤቱ በኒው ዮርክ ስቴት የትምህርት ባለሥልጣኖች ስላዘጋጁት ጸሎት ሲፈርድ፣ ጸሎቱ በእንግሊዝኛ 22 ቃል ብቻ የነበረውና የማንንም ወገን እንዳይነካ ተጠንቅቀው የጻፉት ነበር። ልጆቹም ዝም ማለት ይፈቀድላቸው ነበር። ቢሆንም ዳኛው ሁጎ ብላክ ለብዙኃኑ ሲጽፍ፣ ለሕዝብ የሚጸለይ ጸሎት ማዘጋጀት የመንግሥት ሥራ አይደለም ብሎ ዘጋው። በ1992 ደግሞ ሮጀር ዊልያምስ በመሠረታት በፕሮቪደንስ ከተማ፣ በተማሪዎች ምረቃ ላይ አንድ ረቢ እንዲጸልይ ትምህርት ቤቱ ስለ ጋበዘ፣ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ ይህ በወጣቶች ላይ ረቂቅ የሆነ ግፊት ነው ብሎ ከለከለ።

የሕጉ ደጋፊዎች በቴክሳስ ምክር ቤት ግቢ የቆመው የዐሠርቱ ትእዛዛት ሐውልት በ2005 መፈቀዱን ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፤ በ5 ለ4 ድምፅ ተፈቅዷል። ነገር ግን አምስተኛውን ድምፅ የሰጠው ዳኛ ብራየር፣ ያ ሐውልት በመንግሥት ትምህርት ቤት ግቢ የቆመ አለመሆኑን ለይቶ ጽፏል። ልዩነቱም ግልጽ ነው። ወደ አደባባይ የሚሄድ አዋቂ ሰው ሐውልቱን አይቶ ያልፋል። ልጅ ግን ትምህርት ቤት እንዲሄድ በሕግ የተገደደ ነው፤ በዚያው ክፍል ዓመቱን ሙሉ ይቀመጣል፤ መምህሩ የሚነግረውን እውነት ነው ብሎ እንዲቀበልም ይጠበቅበታል። በአንድ ግድግዳ ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ፣ የአገር ካርታና የአምላክ ትእዛዝ ጎን ለጎን ተሰቅለው፣ ሁለቱን እመን፣ ሦስተኛውን ግን ከፈለግህ ተወው ማለት ለሕፃን የማይገባ ነገር ነው።

ከዚህም ሌላ ደጋፊዎቹ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይናገራሉ። ለፍርድ ቤት ሲቀርቡ ወረቀቱ ማንንም አይነካም ይላሉ። ለሕዝብ ሲናገሩ ግን የልጆችን ጠባይ ያቀናል ይላሉ። ማንንም የማይነካ ከሆነ ጠባይ አያቀናም፤ ጠባይ የሚያቀና ከሆነ ደግሞ ይነካል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አለባቸው።

፭፤ ስለ ብዙኃኑ ፈቃድ

ምክር ቤቱ በሕዝብ የተመረጠ ነው የሚለው እውነት ነው። ይሁን እንጂ ለራስ ሲቈርሱ አያሳንሱ እንዲሉ፣ ብዙኃኑ ስለ ሃይማኖት ሕግ ሲያወጣ ለራሱ እንደሚቈርስ የታወቀ ነው። የመብቶች ድንጋጌ በሕገ መንግሥት የሚጻፈውም ስለዚህ ነው። የይሖዋ ምስክሮች ልጆች ለሰንደቅ ዓላማ ሰላምታ አንሰጥም በማለታቸው ከትምህርት ቤት በተባረሩ ጊዜ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1940 በ8 ለ1 ድምፅ ለብዙኃኑ ፈረደ። በሦስት ዓመት ውስጥ ስሕተቱን ተረድቶ በ1943 በ6 ለ3 ድምፅ ገለበጠው። በዚያ በጦርነት ጊዜ እንኳ የሕሊና ነገር በድምፅ ብልጫ አይወሰንም ለማለት ደፈረ።

ብዙኃንነትም የሚለዋወጥ ነገር ነው። በአንድ ስቴት ብዙ የሆነው በሌላው ጥቂት ነው። በኦክላሆማ በ2023 የቅዱስ ኢሲዶር የካቶሊክ ትምህርት ቤት በመንግሥት ገንዘብ እንዲቋቋም በተፈቀደ ጊዜ፣ ጉዳዩን ፍርድ ቤት ያቀረበው የስቴቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ ነበር። ካስረዳባቸውም ምክንያቶች አንዱ፣ ለአንዱ ሃይማኖት ከከፈትን ለሁሉም ልንከፍት ግድ ይሆንብናል የሚል ነው። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2024 ከለከለው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2025 በ4 ለ4 ድምፅ እኩል ስለ ተከፈለ ክልከላው ጸና። ዐቃቤ ሕጉ የሃይማኖት ተቃዋሚ አልነበረም። ነገር ግን ዛሬ የሚከፍተው በር ነገ ማን እንደሚገባበት ማሰብ ነበረበት።

ይህን ነገር የእኛም ታሪክ ይመሰክራል። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በአዋጅ ባቆመ ጊዜ ዋና ተጎጂዋ ኦርቶዶክሳዊት ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ንጉሡ በ1624 ዓ.ም. አዋጁን ለመሻር ተገደደ። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ደግሞ የወሎ ሙስሊሞች በትእዛዝ እንዲጠመቁ ሲደረግ፣ ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም የሚባል ኑሮ ከመፍጠር በቀር የተገኘ እምነት ብዙ አልነበረም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በዐንቀጽ 126 ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ካደረገ በኋላም፣ ዙፋኑ ሲወድቅ ቤተ ክርስቲያን ከዙፋኑ ጋር ተመታች። ፓትርያርክ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. በደርግ ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፤ በኋላም ተገደሉ። መንግሥት የሚደግፈውን ሃይማኖት መንግሥት ያዘዋል፤ ማዘዝ የለመደም እጅ ማፍረስን አይፈራም።

፮፤ በእኛ ወገን ስለሚታየው ስሕተት

ሒስ ለሌላው ብቻ የሚደረግ ከሆነ ሒስ አይባልም። መለያየትን የሚደግፉ ሰዎችም የሚሳሳቱበት ቦታ አለ፤ ይኸውም መለያየትን ሃይማኖትን ከትምህርት ቤት ጨርሶ ማባረር አድርገው ሲተረጉሙት ነው።

በ1963 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በፔንሲልቬኒያ በየማለዳው 10 የመጽሐፍ ቅዱስ ቍጥሮች እንዲነበቡ የሚያዘውን ሕግ በ8 ለ1 ድምፅ ሲያፈርስ፣ ዳኛው ቶም ክላርክ መጽሐፍ ቅዱስን በሥነ ጽሑፍነቱና በታሪክነቱ ያለ አድልዎ ማጥናት የተፈቀደ መሆኑን ጨምሮ ጽፏል። በ1984 የወጣው የፌደራል ሕግም የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሌሎች የተማሪ ማኅበሮችን ከፈቀዱ የሃይማኖት ማኅበሮችንም እንዳይከለክሉ ያዛል። ተማሪ ከፈተና በፊት በልቡ ቢጸልይ፣ በምሳ ሰዓት ቢያማትብ፣ ቢጾም፣ የሚከለክለው ሕግ የለም። የተከለከለው መንግሥት በመምህሩ አፍና በክፍሉ ግድግዳ መስበኩ ነው።

ይህ ልዩነት በአገራችንም ተፈትኗል። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሙስሊም ሴት ተማሪዎች ሒጃብ ለብሰው በመገኘታቸው ከትምህርትና ከፈተና ምዝገባ በመከልከላቸው ትልቅ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ዐንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ሲል የሚናገረው ስለ ትምህርቱ ነው። ልጅቱ በራሷ ላይ ያሰረችው ሻሽ የመንግሥት ንግግር አይደለም። መንግሥት የለጠፈውን ወረቀት ማውረድና ተማሪ የለበሰችውን ማስወለቅ ፈጽሞ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለተኛውን የሚሠራ ሰው መለያየትን ጠበቅሁ ቢል አይታመንም።

ሌላው ምሳሌ በሜሪላንድ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ የሆነው ነው። የትምህርት ቦርዱ ስለ ጾታ ማንነትና ስለ ተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ የሚናገሩ የሕፃናት መጻሕፍት በክፍል እንዲነበቡ ካደረገ በኋላ፣ ወላጆች አስቀድሞ እንዲነገራቸውና ልጆቻቸውን እንዲያስወጡ ፈቅዶ የነበረውን መልሶ ከለከለ። ከተቃወሙት መካከል ሙስሊሞችና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ አማኞች ይገኙበት ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2025 በ6 ለ3 ድምፅ ለከሳሾቹ ወላጆች ፈረደ። ስለ መጻሕፍቱ የተለያየ አስተያየት ሊኖር ይችላል፤ የተቃወሙት ዳኞችም ትምህርት ቤት ወላጅ ያልወደደውን ሁሉ እያነሣ እንዴት ይሠራል ብለው የጠየቁት ጥያቄ ቀላል አይደለም። ነገር ግን በዚያ ፍርድ የተደሰተ ወላጅ አንድ ነገር ማስተዋል ይኖርበታል። የልጄን እምነት የምቀርጸው እኔ ነኝ፣ መንግሥት አይደለም ብሎ በሜሪላንድ የተከራከረ ሰው፣ በሉዊዚያና መንግሥት የሌላውን ልጅ እምነት በግድግዳ ይቅረጸው ሊል አይችልም። መብቱ የእርሱ የሚሆነው ለጎረቤቱም ሲሆን ነው።

ማጠቃለያ

የሉዊዚያና ሕግ በታሪክ ልመዘን ብሎ ቢቀርብ፣ ታሪኩ የመለያየትን አሳብ ያመጡት ስደተኞችና እስረኞች የነበሩ አማኞች መሆናቸውን ይነግረዋል። ማንንም አያስገድድም ቢል፣ ልጅ በሕግ የሚገባበት ክፍል እንደ አደባባይ አለመሆኑ ይመልስለታል። የብዙኃን ፈቃድ ነው ቢል፣ የሕሊና ነገር ለድምፅ እንዳይቀርብ ሕገ መንግሥቱ ዘግቶበታል። ለክርስቲያኖች የተደረገ ነው ቢል ደግሞ፣ ዐሥረኛውን ትእዛዝ በግድግዳው ላይ ፈልጎ ያጣው የእኛ ልጅ ይጠይቀዋል።

በአገራችን ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው የሚባል አባባል አለ። አባባሉን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የሚፈተነው ግን እኛ ብዙ በሆንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ከዚህ ኮሌጅ ወጥተን መምህራንና የትምህርት ሹማምንት የምንሆን ብዙዎች ነን። አንድ ቀን በአንድ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የራሳችንን ሃይማኖት ቃል ለመስቀል ሥልጣኑም ምስማሩም በእጃችን ይገኝ ይሆናል። ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር የተቀመጠውን የሌላ ሃይማኖት ልጅ አስበን ምስማሩን እናስቀምጥ ዘንድ ይህን ጽፈናል።